በይፋት ቆላ ሦስት ቀናት



አላህ ሪዝቁን ያሰፋለት ወንድም የት አገር መጎብኘት እንደሚሻ ቢጠየቅ ኢስታንቡልን፣ ካይሮን፣ ወይም በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለችውን ጥንታዊቷን የወደብ ከተማ እስክንድርያን ይጠራል። አይነቀፍም። ቁርኣንም በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩት የደረሱበትን እንድናስተውል ይጠራናል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ማልዶ ተነስቶ በዚያው ቀን የሚደረስበት፣ የራሳችን ሰዎች ያቀኑት ጥንታዊ ከተማ እያለ ስሙን እንኳ የሰማ ስንት ቤተሰብ አለ?

እውነቱን ለመናገር እኛም ካልሰሙት መካከል ነበርን። ጥያቄውን ቤት ያመጣው የአንዳችን ልጅ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አኩርፎ መጣ። ምን ሆንክ ቢባል የክፍል ጓደኛው፣ «እናንተ እኮ ከዓረብ አገር የመጣችሁ ናችሁ» ብሎታል። አባት ሁላችንም እንደምናደርገው የነጃሺን ታሪክ አወጋው። ሶሐቦች (ረ.ዐ.) እ.ኤ.አ. በ615 ወደዚህች አገር እንደተሰደዱ፣ ፍትሐዊው ንጉሥ አሳልፎ እንዳልሰጣቸው ነገረው። ልጁ አዳመጠና፣ «እሺ፣ ከዚያ በኋላስ?» አለ። አባት ዝም አለ።

ከዚያ በኋላስ? ከነጃሺ እስከ እኛ 1,400 ዓመታት አሉ። አብዛኞቻችን ከነጃሺ ተነስተን ኢማም አሕመድ ላይ አንድ ጊዜ እናርፍና ቀጥታ ወደ አያቶቻችን ዘመን እንዘላለን። መካከሉ ባዶ ሜዳ ይመስለናል። ባዶ አልነበረም። የዚያ መካከል ትልቁ ክፍል ይፋት ቆላ ውስጥ በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ይህን ከመጻሕፍት ካነበብን በኋላ በዓይናችን ማየት አማረንና በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ሁለት ቤተሰብ፣ ልጆችን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች፣ ሚኒባስ ተኮናትረን ተነሳን።

«ወደ ደሴ ነው!»

ፈጅርን ሰግደን ወጣን። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማበር ላይ ደግሞ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌራችን መብራት አብርቶ ይዳስስ ጀመር። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ተራራውን ቦርቡረው የሠሩትን ዋሻ ስናልፍ ልጆቹ ጮኹ። ከዋሻው ማዶ ሌላ አገር ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ ከዚያ ወዲያ ሹራብ አንድ በአንድ እየወለቀ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሁሉም በሸሚዝ ቀርቷል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከፍታዋ ግን 1,300 ሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ጧት ከደጋው ጫፍ እስከ ቆላው መውረድ ማለት ይህ ነው፤ የይፋትን ታሪክ የሠራውም ይኸው ቁልቁለት መሆኑን በኋላ እንመለስበታለን።

ከተማዋ የሽንኩርት፣ የማሾ፣ የማሽላና የትምባሆ አገር ናት። በገበያዋ አማራውም፣ አርጎባውም፣ አፋሩም፣ ኦሮሞውም ይገናኛል። ያረፍንበት ቤት ጓዛችንን ስናራግፍ ያ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የቤቱን ሠራተኛ ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ቀና ሳትል፣ «ቂብላማ ወደ ደሴ ነው!» አለች። ሳቅን። ቆይተን ካርታ ስናይ ግን ልጅቷ ማንም ሊቃወማት የማይችለውን ነገር ነበር የተናገረችው። ሸዋ ሮቢት በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ54 ደቂቃ ግድም ላይ ትገኛለች። መካ አል-ሙከረማ ደግሞ በ39 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ግድም ላይ ናት። አንዱ ከሌላው በላይ በቀጥታ የተሰመረ ነው ማለት ይቻላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ ፊቱን ትክክል ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው 1,270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ከዕባ ጋር ፊት ለፊት ነው። የደሴም መንገድ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ፍርስራሹ መካከል ትጠቅመናለች።

የጀበርቲ አገር

ይፋት የምንለው ከአንኮበርና ከጣርማበር ገደል ሥር ተነስቶ ወደ አፋር ሜዳና ወደ አዋሽ የሚወርደው ምድር ነው። እዚህና በአቅራቢያው በመካከለኛው ዘመን አንዱ ከሌላው እየተተካ የሙስሊም መንግሥታት ቆመዋል። የመጀመሪያው መኽዙሚዎች የሚባሉት የሸዋ ሱልጣኖች ነው። የእነርሱን የዘመን መዝገብ ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳትሞታል። ይህን መንግሥት በ684 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1285 ግድም፣ ድል ነስቶ የጠቀለለው የይፋቱ ዑመር ወላስማ ነው። ወላስማዎች ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ይፋትን ገዙ።

ስለ ይፋት ብዙ የነገረን በግብፅ መምሉኮች ጽሕፈት ቤት ያገለገለው የደማስቆው ሺሃቡዲን አል-ዑመሪ ነው፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1349 ነው። በሐበሻ ምድር ሰባት የሙስሊም መንግሥታት እንዳሉ ቆጥሮ ይፋትን በመጀመሪያ ያስቀምጣል፤ ወደ ባሕሩም ለግብፅም የቀረበች እርሷ ናትና። የንጉሧን ሠራዊት 15 ሺህ ፈረሰኛና 20 ሺህ እግረኛ ያደርሰዋል። የሕዝቡ መዝሀብ በአብዛኛው ሻፊዒ እንደሆነ ይናገራል። ደግሞም አገሪቱ «ጀበርት» እንደምትባል፣ ከዚያ የመጣ ሰውም «ጀበርቲ» እንደሚሰኝ ጽፏል። ዛሬ ጀበርቲ የሚለውን ስም ከትግራይና ከኤርትራ ሙስሊሞች ጋር ብቻ የምናያይዝ ብዙዎች ነን። ስሙ በመጻሕፍት የታወቀው ግን ከዚህ ቆላ ጋር ነበር።

ከጀበርት የወጡት ሰዎች የት እንደደረሱ ለልጆቻችን እንንገራቸው። በካይሮው አል-አዝሀር ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ሪዋቅ አለ። ከእነዚህ አንዱ የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበር። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወርር በዓይኑ አይቶ የመዘገበው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753-1825) የዘር ሐረጉ ከዚሁ ይነሳል፤ አያት ቅድመ አያቶቹም ለዚያ ሪዋቅ አለቆች ነበሩ። ከወደቡ ከዘይላ ስም ደግሞ «ዘይለዒ» የሚል መጠሪያ የያዙ ዑለሞች ወጥተዋል። ጀማሉዲን አል-ዘይለዒ (ሞቱ በ762 ሂጅራ) «ነስቡ አር-ራያህ» የተባለውን የሐዲሥ ማጣሪያ ሥራ ያዘጋጁ ናቸው፤ የመድረሳ ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከየት እንደሆኑ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አል-ዑመሪ ወሬውን ያገኘው ከይፋት አካባቢ ወደ ካይሮ ከመጣ ዐብዱላህ አል-ዘይለዒ ከተባለ ፈቂህ ጭምር ነው። ይህ ሰው ካይሮ ድረስ የሄደው በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው ጫና እንዲነሳ የግብፁን ሱልጣን ለመለመን ነበር። ሱልጣኑም የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ ደብዳቤ እንዲጽፍ እንዲያዙለት ጠየቀ። ያቺ በመግቢያችን የጠራናት የባሕር ዳር ከተማና ይህ ቆላ እንዲህ አድርገው ይተዋወቁ ነበር።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ወጣቶች ይፈርዱናል። አል-ዑመሪ ስለ ይፋት ሲጽፍ ስለ ጫትም ጽፏል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደዛተ ይተርካል። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ፈረሰኛ፣ ከዚያ ሁሉ ዒልምና ንግድ በእኛ ዘመን ሳይጓደል የተረፈው ጫቱ ብቻ ከሆነ ልናፍር ይገባናል!

ኖራ

በማግስቱ ከዋናው መንገድ ወጥተን በአቧራማ መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ መኪናው ከዚህ ወዲያ አልችልም አለ። በእግር ቀጠልን። መንገዱን የጀመረልን አንድ ክርስቲያን ገበሬ ነው። «የእስላሞቹን ከተማ ነው የምትፈልጉት?» አለና በሬዎቹን ለልጁ ትቶ እስከ አንድ ወንዝ ሸኘን። ገንዘብ ብንሰጠው፣ «ኧረ ምን በወጣኝ!» ብሎ ተቆጣ። ከወንዙ ማዶ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ ተቀበሉን። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፤ እርሳቸውም አልፈለጉም። «አብሽሩ ልጆቼ፣ ቀርቧል» እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ አስኬዱን። የደጋ ሰው በቆላ ሰው «ቀርቧል» አይታመን።

የምንሄድበት ስፍራ ስሙ ኖራ ነው። ትንሿ ልጃችን፣ «ቤት የሚቀባው ኖራ?» ብላ ሽማግሌውን አሳቀቻቸው። ስለ ኖራና ስለ አካባቢው ፍርስራሾች የምናውቀው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፍራንስዋ-ግዛቪየ ፎቬልና በርትራን ኢርሽ የመሩት ቡድን ባደረገው ጥናት ነው። በቡድኑ ውስጥ ኢትዮጵያዊው የታሪክ ምሁር ደረሰ አየናቸው ይገኙበታል። አስበሪ፣ መሰል፣ ረሳ ጉባ፣ ኖራ የተባሉት ስፍራዎች መስጊድና መቃብር፣ ግንብና መኖሪያ ያላቸው የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች መሆናቸውን አሳወቁ። በኖራም ቁፋሮ ተደረገ።

ስንደርስ ልጆቹ ቅር አላቸው፤ አንደብቅም። ላሊበላን ወይም የፋሲል ግንብን በሥዕል ያየ ልጅ «ጥንታዊ ከተማ» ሲባል ሌላ ነገር ይጠብቃል። ያየነው ድንጋይ ነው። ግራርና ቁልቋል የበቀለበት፣ እዚህ የወገብ ያህል እዚያ ከሰው ቁመት በላይ የቆመ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ክምር ብቻ የሆነ ድንጋይ። ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ሽማግሌው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይመለከቱናል።

በዚህ መካከል ያ ልጅ ትዝ አለው። «ቂብላ ወደ ደሴ አይደል?» አለና ፀሐይን አይቶ ሰሜንን አወጣ። ከዚያ ከግንቡ ወደ ግንቡ እየዘለለ የሰሜኑን ግድግዳ እየተከተለ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ጮኸ። የሰሜኑ ግድግዳ መካከል ላይ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ሰው ቆሞ ሊሰግድበት የሚችል ስፍራ ነበር። ሚሕራቡ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ፍርስራሹ ፍርስራሽ መሆኑ ቀረ። ሚሕራቡ እዚህ ከሆነ ሰፉ እዚህ ነበር፤ ኢማሙ እዚህ፤ ከበስተኋላ ሰው የሚገባበት በር በዚያ። ልጆቹ ሳይታዘዙ ተሰለፉ። ዙህር ደርሶ ነበርና ውሃ ስላነሰን ለጋ ባለች ውዱእ፣ ሰውም እንስሳም ካልረገጠው ንጹሕ መሬት ላይ ከግንቡ ውጭ ሰገድን። ከግንቡ ውጭ ያልነው ግድግዳው እንዳይናድብን ነው፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሁሉ ይህን ያስተውል። ያለ ሲሚንቶ የተካበ የመቶዎች ዓመታት ካብ ሰው ሲደገፈው ይፈርሳል።

ከመስጊዱ ወዲያ መቃብሮች አሉ። በሰላምታ ገባን፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩት ለሙታኑ ዱዓ አደረግን፤ ልጆቹንም በመቃብር ላይ መራመድና መቀመጥ ክልክል መሆኑን ነገርናቸው። የወላስማ ሱልጣኖች የተቀበሩበት፣ በዓረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች የተገኙበት ስፍራ ግን ኖራ አይደለም፤ ቤሪ ይፋት ይባላል። ተመራማሪዎቹ የይፋት ዋና ከተማ እርሱ ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ2017 ጽፈዋል። በዚያ ጉዞ ጊዜ አጥሮን አልደረስንበትም። በዒባዳና በዒልም ዝናው እስከ ዛሬ ስላልተቋረጠው ስለ ጎዜ መስጊድም እዚህ በሁለት መስመር ማለፍ ነውር ይሆናል፤ ለብቻው ይገባዋል።

የፍየሎቹ በረት

ሲመሽ ሽማግሌው ቤታቸው አስገቡን። ሽሮና የማሽላ እንጀራ ቀረበ፤ ባለቤታቸው እማማ ቡና አፍልተው እየደጋገሙ «ጠጡ እንጂ ልጆቼ» ይሉናል። ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ስንቀመጥ ከመካከላችን አንዱ የፍየሎቹን በረት አየ። ካቡ ከሌላው የአጥር ድንጋይ ይለያል። አንዳንዱ ድንጋይ ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ ፊቱ የተጠረበ ነው። ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ አላስፈለገም።

አንዳችን ግን ጠየቅን። ዛሬ ሳስበው ባንጠይቅ ይሻል ነበር፤ የሰው እንጀራ በልቶ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ሽማግሌው አልተቆጡም። «እኔ አላመጣሁትም» አሉ። «አባቴ ነው ያመጣው። አባቴም ለመስጊድ ክብር የሌለው ሰው ሆኖ አይደለም። ድንጋይ ነው፤ ወድቋል፤ ማንም ይሄ እንዲህ ያለ ነው ብሎ የነገረው የለም። አሁን እናንተ ነገራችሁኝ። ደግ! ነገ መልሰው ብትሉኝ ፍየሎቼ ጅብ በሚበዛበት አገር የት ይደሩ?»

መልስ አልነበረንም። እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ቀጥለው ወርቅ አለ ብለው ሌሊት የሚቆፍሩ ሰዎች እንደሚመጡ፣ መቃብር ሳይቀር እንደከፈቱ፣ ያገኙት ነገር ግን ገል ብቻ እንደሆነ አወጉን። ገል ማለት የሸክላ ስባሪ ነው። ለወርቅ ፈላጊ ገል ምናምን ነው። ለተመራማሪ ግን ዘመኑን የሚናገር ምስክር ነው፤ ከወደቀበት ከተነሳ ምስክርነቱ ይጠፋል። ከእኛም ልጆች አንዱ ለማስታወሻ ብሎ አንዲት ስባሪ በኪሱ ይዞ ነበር። ሽማግሌው ሲናገሩ ሰምቶ ቀስ ብሎ አወጣና አባቱ እጅ ላይ አስቀመጣት። ጧት ተመልሰን ወዳነሳበት ቦታ አደረስናት። የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር። «ቀርቧል» ብለን ሄድን።

ውድ ወላጆች፣ ይህን የምንጽፈው ሽማግሌውን ለመውቀስ አይደለም። ከሚወቀሱት እኛ እንቀድማለን። ከተማ ተቀምጠን በየስብሰባው «ታሪካችን ተረስቷል» የምንል፣ ለመስጊድ ማሠሪያ ሚሊዮን የምናወጣ፣ ለአንድ ገበሬ ግን ሌላ የበረት ድንጋይ አጋዝቶ የቆየውን ወደ ቦታው ለማስመለስ አስበን የማናውቅ ሰዎች ነን። የባሕላዊ ቅርስ ሕግ አለ፤ ቅርስ ማፍረስ ወንጀል ነው። ነገር ግን ሕጉ ለፍየሎቹ በረት አይሠራም። ሌላም ቁም ነገር አለ። ይፋት ከነበረው በላይ አድርገን ልናወራው አይገባም። ሱልጣኖቹ ሰዎች ነበሩ፤ እርስ በርስ ተዋግተዋል፤ ከክርስቲያን ነገሥታት ጋር ተዋግተዋል፤ ገብረዋል፤ አብረው ነግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐምደ ጽዮን ሰብረዲንን ድል ካደረገ በኋላ በቦታው የተሾመው የሰብረዲን የገዛ ወንድም ነው። ልጅ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው፣ ውስብስብነቱ ያልተሰወረበት ታሪክ ነው። ተረት ያስታጠቅነው ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ ይረታል።

የባሕሩ በር

ያን ሁሉ ከተማ በዚህ ገደል ሥር ምን አቆመው? መልሱ ያ በአንድ ጧት የወረድነው ቁልቁለት ነው። ከላይ ደጋው አለ፤ ከታች በረሃው፤ ከበረሃው ማዶ ባሕሩ። ከባሕር የመጣ ግመል ደጋ አይወጣም፤ የደጋ በቅሎ በረሃ አትሻገርም። ሸክም የሚራገፈውና የሚለዋወጠው በመካከል ነው። በመካከል ያለው ይፋት ነው።

ባሕሩ ዘይላ ነበረች። ዛሬ በሶማሌላንድ፣ ለጅቡቲ ድንበር ቅርብ፣ ትንሽ ከተማ ናት። ከሸዋ ሮቢት በአየር ከ400 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በግመል ግን ሳምንታት። እ.ኤ.አ. በ1331 ግድም ኢብን በጡጣ መርከቡን አስጠግቶ አይቷታል። ገበያዋ ትልቅ እንደሆነ ጻፈ፤ ነገር ግን በየመንገዱ የሚታረደው ግመልና የዓሣው ብዛት ሽታው አስመርሮት ባሕሩ ቢናወጥም ከከተማይቱ ማደር ይልቅ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። በዓለም ዙሪያ የተጓዘ ሰው በእኛ ወደብ እንዲህ ማለቱን ልጆቹ ሲሰሙ በጣም ተደሰቱ። ዘይላ ውስጥ ሁለት ሚሕራብ ያለው «መስጂደል ቂብለተይን» የተባለ የጥንት መስጊድ ፍርስራሽ አለ።

የይፋት ሥልጣን ያበቃውም በዚሁ መንገድ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐቁዲን ሁለተኛው ለደጋው ንጉሥ መገበሩን ትቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳል ምድር ወረደ። ወንድሙ ሰዕደዲን ትግሉን ቀጠለና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘይላ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ተገደለ። ደሴቲቱ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ልጆቹ ወደ የመን ተሰደው ተመለሱ፤ አዳልን አጸኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1520 የወላስማ ዘር የሆነው ሱልጣን አቡበከር መናገሻውን ወደ ሐረር አዛወረ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የሐረር ጀጎል እንግዲህ ከእነዚህ ድንጋዮች ጋር በሥጋ ዝምድና የተያያዘች ናት። የሐረሩ ዘመዳችን ቅርሱን በግንብ አጥሮ ይዟል። የይፋቱ ያንን የመሰለ አጥር የለውም።

ስሙ ግን ቶሎ አልጠፋም። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ታጥፈን ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ተመለከትን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት የሚገባው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስም በዚሁ አለፈ፤ የተቀበለው የቆላው ገዥ ደግሞ «ወላስማ መሐመድ» ይባል ነበር። ወላስማ የሱልጣኖቹ ስም ነው። ከዑመር ወላስማ ከ550 ዓመታት በኋላ የክርስቲያኑ ንጉሥ የባሕሩን በር የሚያስጠብቀው፣ የገዛ ዘመዶቹን ሳይቀር በጎንቾ አምባ የሚያሳስረው በዚሁ የወላስማ ስም በሚጠራ ሙስሊም ሹም ነበር። ያ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ይህን ሲሰማ በጣቱ ቆጠረና፣ «እንግዲያስ የኛ ታሪክ ከሱ ክፍል ታሪክ ጋር አንድ ላይ ነው» አለ። «ሱ» ያለው «ከዓረብ አገር መጣችሁ» ያለውን ጓደኛውን ነው።

ከጉዟችን በኋላ አካባቢው ክፉ ቀን አየ። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤት ተቃጠለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሳው ግጭትም መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ስለ ጸጥታው አስቀድሞ እዚያ ከሚኖር ዘመድ ይጠይቅ፤ ካልሆነ ይቆይ። ድንጋዩ ብዙ ዘመን ጠብቋል። ሲሄድም ከጥር ወዲያ ሙቀቱ እንደሚከብድ፣ ውሃ በነፍስ ወከፍ ከሦስት ሊትር ያላነሰ መያዝ እንዳለበት፣ ያለ አገሬው ሰው ፍርስራሽ ውስጥ መግባት እንደማይገባ ያስብ።

ስንሰናበታቸው ሽማግሌው፣ «ይህን ነገር በወረቀት ታወጡታላችሁ አሉ» ብለውን ነበር። አዎ አልን። «እንግዲያስ አንድ ለእኔ አስቀሩልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄ ያነብልኛል። ያ በረት ያለበትንም አውጡት፤ አትደብቁት።» እኛም ቃል ገባን። ጽሑፉ ግን ዛሬ ነገ ስንል ዘገየ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰጡን ስልክ ደጋግመን ብንደውል አይነሳም። የዚህ እትም ሁለት ቅጂ በስማቸው በዝግጅት ክፍላችን ተቀምጧል። ወደዚያ አገር የሚሄድ፣ በፍየሎቹ በረት ካብ ውስጥ የተጠረበ ድንጋይ ያለበትን ቤት የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይምጣና ይውሰድልን።